ወጣቱ ምን ነካው ከማለታችን በፊት፦ የልጅነት ገጠመኝ በወጣትነት ጤናና ጠባይ ላይ ያለው ድርሻ

በሐዋሳ ከተማ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለጤና ባለሙያዎች ከቀረበ ንግግር የተጻፈ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራንና የሙያ ባልደረቦቼ፤

ዛሬ ልናገርበት የመጣሁት ጉዳይ በየቤታችን «ይህ ልጅ ምን ነካው?» በሚል ጥያቄ ሲነሣ የምንሰማው ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እስኪጨርስ ድረስ ዝምተኛና ታዛዥ የነበረ ልጅ ዩኒቨርሲቲ በገባ በዓመቱ ያለ ጫት መዋል፣ ያለ መጠጥ ማደር ሲያቅተው እንጠይቃለን። ሥራ ይዛ ራሷን የቻለች ልጅ ምርመራ ሁሉ ተደርጎላት ምንም ሳይገኝባት «ራሴን፣ ጨጓራዬን፣ ወገቤን» እያለች ከአንዱ ጤና ተቋም ወደ ሌላው ስትመላለስም እንጠይቃለን። መልሱን ብዙ ጊዜ የምንፈልገው ከአጠገባችን ነው፤ ጓደኛ አበላሸው፣ ስልክ አጠፋት፣ ዘመኑ ከፋ እንላለን። እነዚህ ድርሻ የላቸውም አልልም። ሆኖም በአሥራ ስምንትና በሃያ አምስት ዓመት መካከል ጎልቶ የሚወጣ የጤናና የጠባይ ችግር መነሻው ብዙ ጊዜ ከዚያ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ልጁ ገና ታሪኩን ለመናገር ቃል ባልነበረው ጊዜ የሆነ ነገር ነው። ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህ እንዴት እንደሚሆንና፣ ከሆነ በኋላም ምን ሊደረግ እንደሚችል ነው።

ነገሩ በሳይንስ ዓለም ትኩረት ያገኘበት መንገድ ራሱ ብዙ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ሳንዲያጎ ከተማ ቪንሰንት ፌሊቲ የተባሉ ሐኪም ከልክ በላይ የወፈሩ ሰዎችን የሚያክም ፕሮግራም ይመሩ ነበር። ግራ የገባቸው ነገር ሕክምናውን እያቋረጡ የሚሄዱት ብዙዎቹ ክብደት መቀነስ ያቃታቸው ሳይሆኑ በደንብ እየቀነሱ የነበሩት መሆናቸው ነበር። አንድ በአንድ እያነጋገሩ የሕይወት ታሪካቸውን ሲጠይቁ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው ሆነው ተገኙ። ለእነዚህ ሰዎች ውፍረቱ ከዓይን የሚሰውር መከላከያ ነበር፤ ሐኪሙ እንደ በሽታ ያየው ነገር ለታካሚው መድኃኒት ሆኖ ኖሯል። እኔ ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ አስቀድሜ የምነግራቸው፣ ወጣት ሲያጨስ፣ ሲጠጣ ወይም ሲቅም ስናይ «ይህ ነገር ምን እየጎዳው ነው?» ከሚለው ጋር «ይህ ነገር ምን እያስታገሠለት ነው?» ብሎ መጠየቅን እንዲለምዱ ስለምፈልግ ነው።

ፌሊቲ ከተመራማሪው ከሮበርት አንዳ ጋር ሆነው ጥያቄውን ወደ ሰፊ ጥናት አሳደጉት። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1997 ከ17 ሺህ በላይ ጎልማሶች ስለ ልጅነታቸው ተጠየቁ፤ የመጀመሪያው ውጤት በ1998 ታተመ። ጥያቄዎቹ በኋላ በአሥር ዘርፍ የተጠቃለሉ ሲሆን፣ በልጁ ላይ የደረሰ ድብደባን፣ ስድብና ማዋረድን፣ ወሲባዊ ጥቃትን፣ በአካልም በስሜትም ችላ መባልን፣ እንዲሁም በቤት ውስጥ የእናት መደብደብን፣ የወላጆች መለያየትን፣ ከመጠጥና ከአደንዛዥ ዕፅ፣ ከአእምሮ ሕመም ወይም ከእስር ጋር የተያያዘ የቤተሰብ ችግርን የሚመለከቱ ነበሩ። ከተጠየቁት ሦስት ሰዎች ሁለቱ ያህል ቢያንስ አንዱ፣ ከስምንት ሰዎች አንዱ ደግሞ አራትና ከዚያ በላይ የሚሆኑት ደርሰውበታል። አራትና ከዚያ በላይ የደረሱባቸው ሰዎች አንዱም ካልደረሰባቸው ጋር ሲነጻጸሩ በአልኮል ሱስ፣ በአደንዛዥ ዕፅ፣ በድባቴና ራስን ለማጥፋት በመሞከር ረገድ ያለባቸው አደጋ ከአራት እስከ አሥራ ሁለት እጥፍ ይደርስ ነበር። የልብ፣ የሳንባና የጉበት በሽታም ከዚሁ ጋር አብሮ እየጨመረ ሄዷል።

ልብ በሉ፤ የተጠየቁት ሰዎች የጤና መድን ያላቸው፣ አብዛኞቹም የተማሩ ነበሩ። ስለዚህ ጉዳዩ የድሃ ቤት ጉዳይ ብቻ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ጥናቱ ያፈርሰዋል። በሌላ በኩል ግን የጥያቄው ዝርዝር ለእኛ አይበቃም። ረሃብ የለበትም፤ ከቀዬ መፈናቀል የለበትም፤ ያለ ዕድሜ መዳር የለበትም፤ ከገጠር ወጥቶ በዘመድ ቤት በጉልበት ሥራ ማደግም የለበትም። ወደ አንዳንዶቹ እመለሳለሁ።

በሰባት ዓመት ዕድሜ የሆነ ነገር በሃያ ሁለት ዓመት የሚያሳምም እንዴት ነው? የሰው ልጅ አደጋ ሲያይ ሰውነቱ አድሬናሊንና ኮርቲዞል የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል፤ ልብ ይመታል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ የምግብ መፈጨት ይዘገያል። አደጋው ሲያልፍ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ይህ ፈጣሪ የሰጠን ጥሩ መሣሪያ ነው። ችግሩ አደጋው የማያልፍ ሲሆን ነው። ማታ ማታ ሰክሮ የሚገባ አባት ያለው ልጅ የበሩን ድምፅ በሰማ ቁጥር ሰውነቱ ይነሣል፤ ሳይሰማም ይጠብቃል። አንጎል በዚያ ዕድሜ ገና እየተሠራ ስለሆነ የሚሠራው በሚያየው ዓለም ልክ ነው። አደጋን የሚለየው የአንጎል ክፍል ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን እንደማይከድን ዘበኛ ቅጠል ሲንኮሻኮሽም የሚነሣ ይሆናል፤ ስሜትን የሚገታውና ነገን አስቦ የሚወስነው የፊተኛው ክፍል ደግሞ እድገቱን የሚጨርሰው ሃያዎቹ ዓመታት አጋማሽ ላይ በመሆኑ በዚህ ሁሉ መካከል ሥራውን በደንብ አይማርም።

ይህ በደም ውስጥ ሳይቀር ይለካል። በኒውዚላንድ ደኒዲን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 የተወለዱ 1,037 ሕፃናትን ከልጅነት እስከ ጉልምስና የሚከታተል ጥናት አለ። በልጅነታቸው በደል የደረሰባቸው ልጆች 32 ዓመት ሲሞላቸው በደማቸው ውስጥ የብግነት፣ ማለትም ሰውነት ጉዳትን ለመከላከል የሚያስነሣው ቁጣ፣ ምልክት ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ብግነት ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ለልብ በሽታና ለስኳር በሽታ መንገድ ይከፍታል። ሐኪም ፊት ቀርባ «ሰውነቴን በሙሉ ያመኛል» የምትል ወጣት የላቦራቶሪ ውጤቷ ደህና ነው ስለተባለ ብቻ አልታመመችም ማለት አይቻልም።

አንዲት ወጣት ላቅርብላችሁ። ታሪኩ የአንድ ሰው ሳይሆን ባለፉት ዓመታት ከሰማኋቸው ከብዙዎች የተውጣጣ ነው፤ ማንንም እንዳይጠቁም ሆን ብዬ አዋሕጄዋለሁ። ዕድሜዋ ሃያ አንድ ነው። ከገጠር መጥታ በፋብሪካ ተቀጥራ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ ትኖራለች። የመጣችው ለራስ ምታት ነው። ራሷን የሚያማት መቼ እንደሆነ ስትጠየቅ አሰበችና «ተቆጣጣሪው ከኋላዬ ሲቆም» አለች። ተቆጣጣሪው ተቆጥቷት አያውቅም፤ ከኋላዋ መቆሙ ብቻ ይበቃል፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ስፌቱ ይጣመማል፣ ልቧ ይመታል፣ ማታ እንቅልፍ አይወስዳትም። በስምንት ዓመቷ ለትምህርት ተብሎ ዘመድ ቤት ገብታ ነበር። ትምህርቱ ግማሽ ቀን፣ ሥራው ቀንና ሌሊት ሆነ። ዕቃ ስታጥብ የቤቱ ባለቤት ከኋላዋ መጥቶ የሚቆምበትን ሰዓት አታውቀውም ነበር፤ አንዳንድ ቀን በጥፊ ይመታታል፣ አንዳንድ ቀን ዝም ብሎ ይሄዳል። የከፋው ይህ አለማወቅ ነው። ያቺ ልጅ ሰነፍ ሠራተኛ አይደለችም፤ ሰውነቷ በስምንት ዓመቷ የተማረውን ትምህርት በሃያ አንድ ዓመቷም በታማኝነት እየደገመ ነው። እናቷም ሆነች ጓደኞቿ ይህን አያውቁም፤ «ሆድ ይፍጀው» ብላ ይዛዋለች። ማንም ጠይቋት አያውቅም ነበር።

ወደ ጠባይ ልለፍ። ከላይ የጠቀስኩት የደኒዲን ጥናት ሌላም ነገር አሳይቷል። በልጅነታቸው ራሳቸውን መግታት የተቸገሩ፣ ተራ መጠበቅ የማይችሉ፣ ቶሎ የሚናደዱ፣ የጀመሩትን የማይጨርሱ ልጆች በ32 ዓመታቸው ከእኩዮቻቸው ይልቅ የጤና ችግር፣ የሱስ፣ የገንዘብ እጥረትና ከሕግ ጋር የመጋጨት ዕጣ በዝቶባቸው ተገኝተዋል። በመካከል ያሉት ዓመታት ወጥመድ የበዛባቸው ናቸው፤ በአሥራ አምስት ዓመት ማጨስ መጀመር፣ ትምህርት ማቋረጥ፣ ሳይታሰብ መውለድ። ከወጥመዱ ያመለጠ ልጅ አነሳሱ ደካማ ቢሆንም ብዙ ርቀት ይሄዳል። በጥናቱ ሂደት ራስን የመግታት አቅማቸው የተሻሻለ ልጆች ውጤታቸውም አብሮ ተሻሽሏል። ስለዚህ ራስን መግዛት እንደ ዓይን ቀለም ተወልዶ የሚቀር ነገር አይደለም፤ ይማሩታል፣ ያስተምሩታል።

እዚህ ከተማ ውስጥ ይህ ምን መልክ እንዳለው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መናኸሪያ አካባቢ ማስቲሽ የሚስቡ ልጆች፣ ከትምህርት ሰዓት ጀምሮ ጫት ቤት የሚውሉ ተማሪዎች፣ በመጀመሪያ ደመወዛቸው መጠጥ ቤት የሚያነጉ ወጣቶች አሉ። ለአንድ እንቅልፍ አጥቶ ለሚያድር፣ ሁልጊዜ ስጋት ለሚሰማው ወጣት ጫት የሚሰጠው ጥቂት ሰዓት ምርቃና በሕይወቱ ሙሉ ያላገኘው የመረጋጋትና የመተማመን ስሜት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ምርቃናው ሲሄድ ጭንቀቱ በዕጥፍ ይመለሳል፤ እርሱን ለመስበር መጠጥ ይከተላል። በምክርና በቁጣ ብቻ ይህን ለማስተው የሚሞክር ሰው የልጁን ብቸኛ ማስታገሻ ከእጁ ነጥቆ በምትኩ ምንም ሳይሰጠው ይቀራል። በአሜሪካ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ሰፊ ጥናት በሕይወት ዘመን ከሚታዩት የአእምሮ ሕመሞች ግማሹ በ14 ዓመት፣ ከአራቱ ሦስቱ በ24 ዓመት ዕድሜ እንደሚጀምሩ አሳይቷል። ስለዚህ ወጣትነት ሕመሙ የሚገለጥበት ጊዜ ነው፤ መምህራንና የካምፓስ ክሊኒኮች ከማንም በፊት ያዩታል።

አሁን በውጭው ዝርዝር ውስጥ ወደሌሉት ወደ እኛ ጉዳዮች ልመለስ። የመጀመሪያው ረሃብ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ በገጠር ሕፃናት የነበሩ ሰዎች ወጣት ከሆኑ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በተሰበሰበ መረጃ ተጠንተው ነበር። ረሃቡ በበረታበት ወቅት ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ዕድሜ ላይ የነበሩት ቁመታቸው ቢያንስ በአምስት ሴንቲ ሜትር አጥሮ፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርትን የመጨረስ ዕድላቸው ቀንሶ፣ የመታመም ዕድላቸውም ጨምሮ ተገኝቷል። እነዚህ ሰዎች ረሃቡን አያስታውሱትም። ሰውነታቸው ግን ይዞታል። ከዚያ ወዲህ ሀገራችን ብዙ ተራምዳለች፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ የቀነጨሩ፣ ማለትም በምግብ እጥረት ቁመታቸው ከዕድሜያቸው ያነሰ፣ ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 58 የነበሩት በ2019 ወደ 37 ወርደዋል። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2015 በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2030 ለማስቀረት ቃል ገብቷል። ይሁንና ከመቶ 37 ማለት ከሦስት ሕፃናት አንዱ ማለት ነው። በእንሰትና በበቆሎ ብቻ ሆዱ የሚሞላ ሕፃን የጠገበ ይመስላል፤ ዕንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣና ጥራጥሬ ካላገኘ ግን አይገነባም። ሐይቅ አጠገብ ተቀምጠን ዓሣ ለእንግዳ ብቻ የምናዘጋጅ ሰዎች ይህን ብናስብበት መልካም ነው።

ሁለተኛው ያለ ዕድሜ ጋብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉ ሴቶች ከመቶ 40 የሚሆኑት 18 ዓመት ሳይሞላቸው የተዳሩ ነበሩ፤ የቤተሰብ ሕጉ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎት ሳለ ማለት ነው። ስለ ፊስቱላና ስለ ወሊድ አደጋ ብዙ ስለተባለ አልደግመውም።

ሦስተኛውና ረዘም አድርጌ ልናገርበት የምፈልገው፣ ድብደባ በውጭው ዝርዝር ውስጥም ቢኖር በእኛ ዘንድ እንደ ማሳደጊያ ስለሚታይ፣ ቅጣት ነው። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» እያልን ነው ያደግነው። አለንጋ፣ ቁንጥጫ፣ ማንበርከክ፣ ጆሮ መጠምዘዝ፣ በበርበሬ ማጠን፤ በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው አንዱን ወይም ሌላውን ያልቀመሰ ጥቂት ነው። «ተገርፌ ነው ሰው የሆንኩት» የሚል አባት ዘወትር ያጋጥመኛል፤ እንዲህ የሚል ሰው ወላጆቹን እየተከላከለ ስለሆነ በአክብሮት ነው የማነጋግረው። ሰው የሆነው ግን በዱላው ምክንያት አይመስለኝም፤ ከዱላው ጋር አብረው በነበሩት በእናቱ ፍቅር፣ በአያቱ ጭን፣ በጎረቤቱ ጥበቃ ምክንያት ይመስለኛል። በርበሬ የታጠነ ልጅን በቅርብ ላየ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ፍም ላይ ሚጥሚጣ ወይም በርበሬ ይነሰነሳል፣ ልጁ ነጠላ ይከናነብና አንገቱ ተይዞ ወደ ጢሱ ይደፋል፤ ትንፋሽ ያጣል፣ ዓይኑ ይቃጠላል፣ የሚይዘው እጅ ደግሞ በሌላ ቀን የሚያጎርሰው እጅ ነው። ልጁ በዚያ ጊዜ የሚማረው ስለ ሰረቀው ሁለት ብር አይደለም። ትንፋሽ ሲያጥረው የሚያድነው ሰው እንደሌለ ይማራል። ከአሥር ዓመት በኋላ ያው ልጅ ችግር ሲገጥመው ለወላጁ የማይናገረው፣ ሲታመም የሚደብቀው፣ እርግዝና ወይም ኤች አይ ቪ ሲያጋጥም ከቤት የሚጠፋው ለዚህ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካላዊ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። መምህራን ሆይ፣ ዱላ ስትተዉ ሥርዓትን ትታችኋል ማለት አይደለም። ልጅ ወሰን ያስፈልገዋል፤ ጥፋቱ ሊነገረው፣ የሰበረውን ሊጠግን፣ የወሰደውን ሊመልስ፣ ጨዋታ ሊቀርበት ይገባል። የሚያሳምመው የቅጣቱ መኖር ሳይሆን ፍርሃቱና ውርደቱ፣ እንዲሁም መቼና በምን እንደሚቀጣ አለማወቁ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት አንዳንዶቻችሁን እንዳስከፋ ይገባኛል። ስለ ራሱ ልጅነት ያሰበ አለ፤ ስለ ልጁ ያሰበ አለ። ስለዚህ ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ፦ እነዚህ ጥናቶች ስለ ዕድል ይናገራሉ እንጂ ስለ አንድ ሰው ዕጣ አይናገሩም። አራት ወይም ስድስት መከራ የደረሰበት ሰው ጤነኛ፣ ሩኅሩኅና ብርቱ ሆኖ ሊኖር ይችላል፤ ብዙዎችም ኖረዋል። ለምን እንደቻሉም ተጠንቷል።

በሃዋይ ደሴቶች በካዋይ እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ሕፃናትን የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኤሚ ዌርነርና ባልደረቦቻቸው ለአሥርት ዓመታት ተከታትለዋል። በድህነት፣ በወላጅ ሕመምና በቤት ጠብ መካከል ካደጉት ልጆች ከሦስቱ አንዱ ያህል ብቁና ለሰው የሚራሩ ወጣቶች ሆኑ። ከሚያመሳስሏቸው ነገሮች ዋነኛው ቢያንስ አንድ የማይለወጥ፣ የሚቀበላቸው ትልቅ ሰው ማግኘታቸው ነበር፤ ወላጅ ካልሆነ አያት፣ አክስት፣ መምህር ወይም ጎረቤት። ከዚህ የሚበልጥብኝ ግን የሌሎቹ ታሪክ ነው። በአፍላ ዕድሜያቸው የተበላሹ ከተባሉት አብዛኞቹ ወደ ሠላሳዎቹና ወደ አርባዎቹ ዕድሜ ሲደርሱ ተመልሰው ተገኙ። የመለሷቸው ነገሮች በወጣትነት የተከፈቱ በሮች ናቸው፤ ወደ ትምህርት መመለስ፣ ሥርዓት ያለው አገልግሎት ውስጥ መግባት፣ ደህና የትዳር ጓደኛ ማግኘት፣ የእምነት ማኅበር አባል መሆን። የሃያ ዓመት ልጅ አልቆለታል የሚል ሰው ይህን ጥናት ልብ ይበል።

በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ደግሞ ጥያቄውን ገለበጠው፤ በልጅነታችሁ ምን መልካም ነገር ነበራችሁ ብሎ ከስድስት ሺህ የሚበልጡ ጎልማሶችን ጠየቀ። ከሰባቱ ጥያቄዎች መካከል ለቤተሰብ ስሜትን መናገር መቻል፣ ቤት ውስጥ ደህንነት መሰማት፣ ከወላጅ ውጭ ቢያንስ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ከልብ ማሰባቸው፣ በአካባቢ ባህላዊ በዓላት ደስ ብሎ መካፈል ይገኙበታል። ስድስት ወይም ሰባቱ የነበሯቸው ሰዎች ሁለትና ከዚያ በታች ከነበሯቸው ጋር ሲነጻጸሩ የድባቴና የአእምሮ ጤና መታወክ ዕድላቸው በ72 ከመቶ ያነሰ ነበር፤ መከራ ደርሶባቸው የነበሩትም ቢሆኑ ጥቅሙን አግኝተዋል። ይህን ሳነብ ያሰብኩት የሲዳማን የዘመን መለወጫ በዓል ፊቼ ጫምባላላን ነው። በጫምባላላ ቀን ልጆች «አይዴ ጫምባላላ» እያሉ ከቤት ወደ ቤት ሲዞሩ ማንም ቤት በሩን አይዘጋባቸውም፤ ያበሏቸዋል፣ ቅቤ ይቀቧቸዋል፣ ይመርቋቸዋል። በጉዱማሌ አደባባይ ከአባቱ ጋር የቆመ ልጅ የማን እንደሆነ ያውቃል። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘገብ ሁላችንም ኮርተናል፤ እኔ በበኩሌ ከመመዝገቡ ይልቅ ለአንድ ልጅ ልብ የሚሰጠውን አስባለሁ። እንቁጣጣሽም፣ ቡሄም፣ ዒድም እንዲሁ ናቸው። ልጆቻችንን በግቢ አጥረን በዓሉን በቴሌቪዥን እንዲያዩ ስናደርጋቸው የምናሳጣቸው ነገር ከጭፈራ የሚበልጥ ነው።

ከሁሉ በላይ ተስፋ የሚሰጠኝ የጃማይካው ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 በኪንግስተን ድሃ ሰፈሮች ከ9 እስከ 24 ወር ዕድሜ ያላቸው 129 የቀነጨሩ ሕፃናት በቡድን ተከፈሉ። ለአንዳንዶቹ የአካባቢው የጤና ሠራተኛ በሳምንት አንድ ጊዜ ቤታቸው እየመጣች ለአንድ ሰዓት ያህል እናት ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወትና እንደምታወራ ለሁለት ዓመት አሳየች፤ መጫወቻው ቤት ውስጥ ከሚጣል ነገር የሚሠራ ነበር። ልጆቹ 22 ዓመት ሲሆናቸው ጉብኝቱን ያገኙት ገቢያቸው ካላገኙት በ25 ከመቶ በልጦ፣ በጠብና በአመፅ ወንጀል መሳተፋቸው አንሶ፣ ድባቴያቸውም ቀንሶ ተገኘ። ተጨማሪ ምግብ ብቻ ያገኙት ግን እንዲህ ያለ ዘላቂ ለውጥ አላሳዩም። እኛ ከሠላሳ ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን፤ በየቤቱ ይገባሉ፣ እናቶችን በስም ያውቃሉ። ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ ቤት ሲያስተምሩ እግረ መንገዳቸውን ለሕፃኑ ከክዳንና ከቆርኪ መጫወቻ መሥራትን ቢያሳዩ የሚጠይቀው ሥልጠናና ጊዜ እንጂ ብዙ ገንዘብ አይደለም።

ጊዜ ግን ዋጋ አለው። በሩማኒያ ቡካሬስት ከሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት የተመረጡ 136 ሕፃናት ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተጠንተው ነበር፤ ግማሾቹ በዕጣ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ሄዱ። የሄዱት በአእምሮ እድገትም ሆነ ሰውን በማመን ረገድ ተሽለው ተገኙ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የሄዱት ደግሞ ከሁሉ የተሻሉ ነበሩ። በተቋም ውስጥ ምግብና አልጋ ነበረ፤ የጠፋው የእኔ የሚሉት ሰው ነበር።

ለጤና ባለሙያዎች የምለው አጭር ነው። ተደጋግሞ የሚመላለስ፣ ምርመራው ንጹሕ የሆነ ወጣት ሲገጥማችሁ ሌላ የጨጓራ መድኃኒት ከመጻፋችሁ በፊት በር ዘግታችሁ ጠይቁ። «በልጅነትህ የሚያስፈራህ ነገር ነበር? ማን ነበር የሚጠብቅህ?» ማለት ይበቃል። መልስ ካልሰጠ አትጫኑት፤ መጠየቃችሁን ግን ያስታውሰዋል። የሰማችሁትን ለማንም አትንገሩ፤ ለቤተሰብም ቢሆን። ራስን የማጥፋት ሐሳብ እንዳለው በቀጥታ ጠይቁ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። ካለ ግን ብቻውን አትስደዱት፤ ሕይወቱን ለማዳን የሚያስፈልገውን ያህል ለሚያምነው ሰው እንደምትነግሩ ለራሱ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ወደ አእምሮ ሕክምናም አድርሱት። በንግግር የሚሰጥ ሕክምና ለእንዲህ ዓይነቱ ቁስል እንደሚረዳ ከበቂ በላይ ተረጋግጧል፤ መድኃኒትም ሲያስፈልግ ይሰጣል።

ለወላጆች፦ ትናንት የሆነውን መመለስ አይቻልም፤ የሃያ ዓመት ልጅን ጠርቶ «ያን ጊዜ የመታሁህ ልክ አልነበረም» ማለት ግን ይቻላል። ይህን ያደረጉ አባቶች አውቃለሁ። ልጁ ወዲያው ላይመልስ ይችላል፤ ሊቆጣም ይችላል። ቁጣውን ሳትከራከሩ ስሙት፤ ለእናንተ ሲነግራችሁ የመጀመሪያው ጊዜ ሊሆን ይችላልና።

ለመምህራን አንድ ሥራ ልስጥና ላብቃ። በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው ብቻቸውን የሚማሩ ልጆች አሉ፤ ቅዳሜ ወደ ቤተሰብ ሄደው እሑድ ማታ የሳምንቱን ቆጮና ቆሎ ይዘው ይመለሳሉ። አሥራ አራትና አሥራ አምስት ዓመታቸው ነው። በሳምንቱ ውስጥ ማታ ገብተው ይሁን አይሁን የሚጠይቅ የለም። ዘንድሮ ከምዝገባው ጋር የእነዚህን ልጆች ስም ለይታችሁ ያዙ፤ ለእያንዳንዱም አንድ መምህር ይመደብለት። መምህሩ በሳምንት አንድ ጊዜ ያግኘው፤ ስለ ውጤቱ ከመጠየቁ በፊት ምን በልቶ እንዳደረ፣ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ አከራዩ እንዴት እንደሚይዘው ይጠይቀው። ሴት ተማሪ ከሆነች ሴት መምህርት ትሁን። ልጁ ሰኞ ከቀረ ማክሰኞ ጠዋት ስልክ ይደወል፤ የሚደወልለት ቤተሰብ ስልክ ከሌለው የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስልክ አስቀድሞ በመዝገቡ ላይ ይጻፍ።